የንግድ ቤት መልእክት በባለቤቱ ካዝና ይቀመጥ

ማንኛውም ነጋዴ ገንዘቡን በካዝና፥ ዕቃውን በመጋዘን፥ ሒሳቡን በመዝገብ እንደሚያኖር የታወቀ ነው። ካዝናውን ለማያውቀው ሰው አደራ ሰጥቶ፥ ቁልፉንም ሳይቀበል ወደ ቤቱ የሚገባ ነጋዴ ቢገኝ ጎረቤቶቹ ይሥቁበታል። ነገር ግን ዛሬ በአዲስ አበባ ከምንሠራው ነጋዴዎች መካከል ብዙዎቻችን ከገንዘብ የማያንሰውን ሀብታችንን በዚሁ አኳኋን አስቀምጠነዋል። ይኸውም ሀብት የዕለት መልእክታችን፥ የዋጋ ስምምነታችን፥ የደንበኞቻችን ስምና አድራሻ፥ የባንክ ደረሰኞቻችንም ሥዕል ነው።

አስመጪው ከትራንዚተሩ ጋራ የሚነጋገረው በቴሌግራም ነው። ላኪው የቡናውን ናሙና ፎቶግራፍ የሚልከው በዋትስአፕ ነው። ባለሱቁም የዕለቱን ዋጋ ለቸርቻሪዎች የሚያስታውቀው በዚያው ነው። አገልግሎታቸው ፈጣን፥ ዋጋቸውም በገንዘብ የማይከፈል ስለ ሆነ ነጋዴው ቢወዳቸው አይፈረድበትም። ሆኖም የቴሌግራም የቡድን መልእክት የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ እንጂ በእኛ ቤት እንዳልሆነ፥ ኩባንያው ደንቡን ቢለውጥ ወይም ቡድናችንን ቢዘጋው የምንከራከርበት መሥሪያ ቤት በአጠገባችን እንደሌለ ማወቅ ይገባናል።

ይህን የምጽፈው ከሰው ሰምቼ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በካዛንቺስ በነበረው ሱቃችን የሽያጭ ሠራተኛ የነበረ አንድ ወጣት ደንበኞቻችንን ሁሉ በአንድ የቴሌግራም ቡድን ሰብስቦ ሥራችንን እጅግ አቃልሎልን ነበር። አመሰገንሁት፤ ደመወዙንም ጨመርሁለት። ነገር ግን ቡድኑ የተከፈተው በግል ስልክ ቁጥሩ መሆኑን አላስተዋልሁም። ወጣቱ ሥራውን ለቅቆ ሲሄድ ቡድኑም ከነደንበኞቹ፥ ከነዋጋው፥ ከነሦስት ዓመት መልእክቱ አብሮት ሄደ። ልጁን ሌባ ልለው አልችልም፤ መዝገቡ የእኔ ስለ መሆኑ የማሳየው አንዳች ማስረጃ አልነበረኝምና። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው ያን ጊዜ ገባኝ።

ጉዳዩ ለእኛ ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ነጋዴዎች ይልቁንም የከበደበት ምክንያት አለ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት የ«ኢንቺስ» ቤቶች ነው። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ሆቴሉም፥ ቢሮውም፥ ሱቁም በዙሪያው በዛ። ደንበኛ ሱቃችንን የሚያውቀው በሥፍራው ነበር፤ «ኡራኤል አጠገብ» ወይም «ከሆቴሉ ፊት ለፊት» ማለት ይበቃ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈረሰ፤ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ፤ ባለሱቆችም በየአቅጣጫው ተበተኑ። ሥፍራው ሲጠፋ ነጋዴውንና ደንበኛውን አያይዞ የቀረው በስልክ ውስጥ ያለው የመልእክት መዝገብ ነው። መዝገቡን በእጁ የያዘ ሰው ሱቁን በሌላ ሰፈር ሊከፍት ይችላል፤ ያልያዘ ግን ሱቁንም ደንበኛውንም በአንድነት ያጣል።

ያለፉት ዓመታትም ትምህርት ሰጥተውናል። በመስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክና ዋትስአፕ በኩባንያው በራሱ የቴክኒክ ስሕተት በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠው ነበር። በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ለአምስት ወራት ያህል ቆዩ። በዚያ ጊዜ ሌላው ኢንተርኔት ይሠራ ነበር፤ ባንኩም ይሠራ ነበር፤ የኢሜይል ደብዳቤም ይደርስ ነበር። ሥራቸው የተደናቀፈው የንግዳቸውን በር በእነዚያ ብቻ ላይ የተከሉት ናቸው። ገደቡ የተደረገበትን ምክንያት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ዓላማችን ነጋዴ በአንድ በር ብቻ መውጣትና መግባት እንደማይገባው ማሳሰብ ነው።

እንግዲህ መድኀኒቱ ምንድን ነው ቢባል፥ የንግድ ቤቱ ወይም የማኅበሩ የራሱ የመልእክት ሰርቨር እንዲኖረው ማድረግ ነው። ነገሩ እንደ ስሙ የሚያስፈራ አይደለም። ሰርቨር ማለት ሁልጊዜ በርቶ የሚቆይ፥ መልእክት ተቀብሎ ለሚገባው የሚያደርስ፥ ግልባጩንም የሚያስቀምጥ ኮምፒዩተር ነው። ለጥቂት ዐሥር ሠራተኞች 4 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ተራ መሣሪያ ይበቃል። ሥራውን የሚሠሩት ሶፍትዌሮችም ዙሊፕ፥ ማተርሞስት፥ ሮኬት ቻት፥ በማትሪክስ ሥርዐት የሚሠሩትም ሌሎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዙሊፕ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኮዱ ለማንም የተፈቀደ ሲሆን፥ ውይይቱን በየርእሱ ስለሚለይ ለንግድ ሥራ ይመቻል። እያንዳንዱ ጭነት የራሱ ርእስ ይኖረዋልና፥ ከስድስት ወር በኋላ «የዚያ ጎማ ዋጋ ስንት ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከነቀኑ ይገኛል። ይህን መንገድ የያዙት ትንንሾች ብቻም አይደሉም፤ የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 በማትሪክስ ላይ የተመሠረተ የራሱን መልእክት መላላኪያ ለሠራተኞቹ አቋቁሟል።

ቀድሞ እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር መትከል አድካሚ ነበር። በአንዱ ኮምፒዩተር የሠራው በሌላው እንቢ ይል ነበር። ይህን ችግር ያቃለለው ኮንቴይነር የተባለው ዘዴ ነው። ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1956 ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ 58 የብረት ሣጥኖችን በአንድ መርከብ ጭኖ ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ከላከ ወዲህ የዓለም ንግድ እንደ ተለወጠ ሁላችንም እናውቃለን። ቀድሞ ወዛደሩ እያንዳንዱን ጆንያና በርሜል በየወደቡ ያወርድና ይጭን ነበር። ዛሬ ግን ሣጥኑ በፋብሪካው ደጅ ታሽጎ፥ በጅቡቲ ሳይከፈት ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። መርከቡም፥ ባቡሩም፥ ከባድ መኪናውም የሣጥኑን ውስጥ ማወቅ ሳያስፈልጋቸው ይሸከሙታል።

የሶፍትዌሩ ኮንቴይነርም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ ከሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ ጋራ በአንድ ታሽጎ ይመጣል፤ የሚሸከመውም ኮምፒዩተር ውስጡን መመርመር አያስፈልገውም። ከእነዚህ ዘዴዎች የታወቀው ዶከር እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ቀረበ፤ ምልክቱም ኮንቴይነር የተሸከመ ዓሣ ነባሪ ነው። ባለሙያው አንድ አጭር የትእዛዝ ወረቀት ይጽፋል፤ በዚያም የትኛው ኮንቴይነር እንዲነሣ፥ በየትኛው በር እንዲገባበት፥ ዕቃው የት እንዲራገፍ ይወስናል። ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ ያንኑ ወረቀትና የተቀመጠውን ግልባጭ ይዞ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሥራውን እንደገና ማስነሣት ይቻላል። ሱቁ ሲዛወር መዝገቡም አብሮት ይዛወራል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ግን እያንዳንዱ ባለንብረት ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። አስመጪ ዕቃውን በመርከብ ኩባንያው ኮንቴይነር ውስጥ እንደማያከማች የታወቀ ነው፤ ዕቃው ወደ መጋዘን ይራገፋል፤ ባዶው ኮንቴይነርም ይመለሳል። የሶፍትዌሩም ኮንቴይነር የሚጣልና የሚተካ ነገር ነው። ሶፍትዌሩ በታደሰ ቍጥር አሮጌው ተጥሎ አዲስ ይመጣል። መልእክቱና ፋይሉ በኮንቴይነሩ ውስጥ እንዳለ ከተተወ ኮንቴይነሩ ሲጣል አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መልእክቱ የሚያርፍበት መጋዘን፥ ባለሙያዎቹ ቮሊውም የሚሉት ማለት ነው፥ ከኮንቴይነሩ ውጭ መዘጋጀት አለበት። ሰርቨር ያስተከላችሁ እንደ ሆነ ባለሙያውን አስቀድማችሁ «መጋዘኑ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ወዲያው መልስ ያልሰጠ እንደ ሆነ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት ጥንቃቄዎች በንግድ ቤት የለመድናቸው ናቸው። አንደኛ፥ ሁሉ ወገን ሊገባበት የሚችል ቤት እንዳይሆን ከውጭ የሚከፈተው በር አንድ ብቻ ይሁን፤ መልእክቱም በመንገድ ላይ እንዳይነበብ በምስጢር ቁልፍ ይታሸግ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት ዛሬ ያለ ክፍያ ይገኛል። ሁለተኛ፥ የመዝገቡ ግልባጭ በየሌሊቱ ተወስዶ በሌላ ሕንጻ ይቀመጥ። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ አንድ መዝገብ በአንድ ቤት ብቻ ማስቀመጥ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ አሳይቶናል። ሦስተኛ፥ መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም ባትሪ ይዘጋጅ። አራተኛ፥ ሶፍትዌሩ በወቅቱ ይታደስ፤ ያልታደሰ ሰርቨር ቁልፉ እንደ ዛገ በር ነው። አምስተኛ፥ የበላዩ ቁልፍ በሁለት ሰዎች እጅ ይሁን፤ ሠራተኛም ሲሰናበት ፈቃዱ በዚያው ቀን ይሰረዝ። እኔ የተጎዳሁት በዚህች በመጨረሻይቱ ጉድለት ነው።

የማይቻለውንም መናገር ይገባል። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. እንደ ሆነው ኢንተርኔት በጠቅላላው ቢቋረጥ፥ የራስ ሰርቨር ያለው ነጋዴም ከውጭ አገር ደንበኛው ጋራ ሊነጋገር አይችልም። ሰርቨሩ በገዛ ሕንጻው ውስጥ ካለ ግን ሱቁ፥ ቢሮውና መጋዘኑ በውስጥ መስመር መገናኘታቸውን ይቀጥላሉ፤ የቀድሞው መዝገብም ይነበባል። ደግሞም መልእክት መድረሱን በስልክ ላይ የሚያስታውቀው ደወል በአፕልና በጉግል በኩል ስለሚያልፍ የመልእክቱ ቃል በደወሉ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ይሻላል። የራስ ሰርቨር የራስ ድካም መሆኑንም ማንም አይዘንጋ፤ ጠባቂ የሌለው መጋዘን ከመከራየት በሌላው መጋዘን ማሳደር ይመረጣልና።

ሕጉም ወደዚሁ እየመራን ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ለሚደረግ መልእክትና ስምምነት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። እንግዲያውስ በስልክ የተጻፈው «ተስማምቻለሁ» የሚለው ቃል ነገ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል፤ ግልባጩን ማቅረብ የሚችል ነጋዴም ይጠቀማል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲይዝ ግዴታ አስገብቷል። የደንበኛው መታወቂያና የባንክ ሒሳብ ቁጥር በአምስት ሠራተኞች የግል ስልክ ውስጥ ተበትኖ ሳለ «በጥንቃቄ ይዣለሁ» ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

አንዳንዶች «ደንበኞቻችን ሁሉ ያሉት በቴሌግራም ነው፤ ወደ እኛ ሰርቨር ማን ይመጣል?» ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ቴሌግራምን ተዉ አላልንም። ገበያና ካዝና የተለያዩ ናቸው። ዕቃን ማስተዋወቅ በገበያ ነው፤ በዚያ ቴሌግራም ያገለግላል። የውስጥ ዋጋ፥ የኤል ሲ ሰነድ፥ ፕሮፎርማ፥ ከትራንዚተርና ከሒሳብ ሹም ጋራ የሚደረግ ምክር ግን የካዝና ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ የአንድ ቀን ዋጋ አስቀድሞ በተወዳዳሪ እጅ መግባቱ የአንድን ጭነት ትርፍ ሊያጠፋ እንደሚችል አስመጪዎች ያውቁታል።

ሌሎች ደግሞ «ለአንድ ትንሽ ሱቅ ይህ ሁሉ ወጪ አይበዛምን?» ይላሉ። ለአንድ ሱቅ ብቻ በርግጥ ይበዛል። ድር ቢያብር ግን አንበሳ ያስራል። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ባለሱቆች ተባብረው አንድ ሰርቨር ቢያስተክሉ፥ አንድ ባለሙያም በወር ደመወዝ ቢቀጥሩ፥ የእያንዳንዱ ድርሻ ለሱቅ ዘበኛ ከሚከፍለው አይበልጥም። ሰርቨሩን በቢሮ ማኖር ያልወደዱም በአይሲቲ ፓርክ ከተከፈቱት የግል የመረጃ ማእከሎች በአንዱ ሊከራዩ ይችላሉ።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት የየዘርፉ ማኅበራት ነገሩን በአጀንዳቸው አስገብተው፥ ይልቁንም ከካዛንቺስ ተነሥተው የተበተኑት ነጋዴዎች የጋራ ሰርቨር የሚያገኙበትን መንገድ ቢያጠኑ መልካም ይሆናል። ምክር ቤቱም ለጸሐፊዎችና ለሒሳብ ሹሞች የአንድ ሳምንት ትምህርት ቢያዘጋጅ ብዙዎችን ይረዳል። እስከዚያው ድረስ እያንዳንዱ ባለንብረት ዛሬ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ሊያደርግ ይችላል፤ የደንበኞቹ ቡድን በማን ስልክ ቁጥር እንደ ተከፈተ ይጠይቅ።