ከአንድ ባለ 2 ቴራ ሁለት ባለ 500 ጊጋ

«ስቶሬጅ ሞልቷል» የሚለውን መልእክት የማያውቅ የስልክ ተጠቃሚ ካለ እጁን ያውጣ። የለም። ደግሞ የሚመጣበትን ሰዓት ያውቅበታል። ዘመድ አዝማድ ተደርድሮ፣ ሕፃኑ በመከራ ዝም ብሎ፣ «አንሳ እንጂ!» እየተባላችሁ ሳለ ብቅ ይላል። ያኔ ምን እናደርጋለን? እዚያው ቆመን እንሰርዛለን። የአምናው ፋሲካ ቪዲዮ ይሄዳል፣ የጓደኛ ምረቃ ይሄዳል። ምን እንደሰረዝን የምናውቀው ከወራት በኋላ ነው።

እኔም በዚህ ሲመረኝ «በቃ፣ አንዴ ልገላገል» ብዬ ወሰንኩ። ከስልክም ከላፕቶፕም ጋር በኬብል የሚገናኝ ትንሽ የብረት ኬዝና ውስጡ የሚገባ ኤስኤስዲ ለመግዛት ተነሳሁ። ለማታውቁት፣ ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ኤስኤስዲ እንደ ማስቲካ ረዘም ያለች ቀጭን ሰሌዳ ናት። ኬዙ ውስጥ ስትገባ ትልቅና ፈጣን ፍላሽ ሆነች ማለት ነው።

«ስንት ጊጋ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ደቂቃም አልወሰደብኝም። ባለሱቁን «ያለህን ትልቁን ስጠኝ» አልኩት። 2 ቴራ ሰጠኝ። የወራት ቁጠባዬ እዚያው ላይ አለቀ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። «ከእንግዲህ እስክሸብት ድረስ የማይሞላ ነገር ገዛሁ» እያልኩ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

ያን ሰሞን የእህቴ ሠርግ ነበር። የሠርጉን ፎቶና ቪዲዮ በሙሉ ወደ አዲሱ ዕቃ ገለበጥኩና ከስልኬ አጠፋሁ። ከሁሉ በላይ አንድ የ11 ደቂቃ ቪዲዮ ነበረች። አያታችን ሙሽሮቹን ሲመርቁ፣ መሐል ላይ ምርቃቱን አቋርጠው የራሳቸውን ሠርግ ሲያወጉ። አያታችን በሰባተኛው ወር አረፉ።

ከዚያ አንድ ማታ፣ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ፋይል እየገለበጥኩ ሳለ መብራት ጠፋ። መብራቱ መጣ፤ ኤስኤስዲው ግን አልመጣም። ላፕቶፑ አያውቀውም፣ ስልኩም አያውቀውም። ኬዝ ቀየርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ምንም የለም። የሚጠግን ሰው ጋ ወሰድኩት። ገልበጥ አድርጎ አየውና «ሃርድ ዲስክ ቢሆን እንሞክር ነበር፤ የዚህ ችግር ግን ቺፑ ላይ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ያን ቀን ተቀምጬ አሰብኩት። ዕቃው ውስጥ የነበረው ፋይል ሁሉ ተደምሮ 180 ጊጋ ነበር። 1,800 ጊጋ ባዶ ቦታ በውድ ገንዘብ ገዝቼ፣ 180 ጊጋ ትዝታ አጣሁ። ኋላ ሱቅ ዞሬ ስጠይቅ ደግሞ፣ ለዚያ አንድ ባለ 2 ቴራ በከፈልኩት ሁለት ባለ 500 ጊጋ ከነኬዛቸው ይመጣልኝ ነበር። አንዱ ቢሞት ሌላው ይኖር ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ሐሳቤ ይህ ነው። ልክ የሆነው መጠን ትልቁ አይደለም። ልክ የሆነው መጠን፣ ለሁለተኛ ኮፒ የሚሆን ገንዘብ ኪሳችሁ ውስጥ የሚያስቀርላችሁ ነው።

«ነገ ይሞላልኛል፣ ዛሬ ትልቁን ብገዛ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን ኬዝ የገዛችሁት ለምንድን ነው? ጥቅሙ እኮ መከፈቱ ነው። እንደ ተዘጋ ፍላሽ አይደለም። ሲሞላ ከፍታችሁ ሰሌዳዋን ታወጣላችሁ፣ ተለቅ ያለችዋን ትከታላችሁ። ስለዚህ የዛሬ አምስት ዓመት የምትፈልጉትን ቦታ ዛሬ ገዝታችሁ ባዶውን ማስቀመጥ አይጠበቅባችሁም።

ታዲያ ስንት ይበቃል? የባለሱቁን አፍ ሳይሆን የራሳችሁን ስልክ ጠይቁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስቶሬጅ የሚለውን ክፈቱ። ፎቶና ቪዲዮ ብቻውን ስንት ጊጋ እንደያዘ እዩ፣ ስልኩን ለያዛችሁበት ዓመት አካፍሉት። ለምሳሌ በሁለት ዓመት 120 ጊጋ ከሰበሰባችሁ፣ በዓመት 60 ማለት ነው። ባለ 500 ጊጋ ዕቃ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 465 ገደማ ሆኖ ይታያል። ማንም አልሰረቃችሁም፤ አምራቹ ጊጋን በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው። ባለ 1 ቴራውም በዚሁ ምክንያት 931 ይላል። ከ465ቱ አንድ አምስተኛውን ባዶ ተዉት፤ ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ ይንቀራፈፋልና። የቀረው በዓመት 60 ጊጋ ለሚሰበስብ ሰው ስድስት ዓመት ያስኬደዋል። ስድስት ዓመት! እስከዚያ ስልኩንም ትቀይራላችሁ።

ቪዲዮ የሚያበዛ ሰው ሒሳቡን በሰዓት ይሥራው። አይፎን ላይ በተለመደው የተጨመቀ አቀራረጽ፣ ፉል ኤችዲ ቪዲዮ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ፣ ፎርኬ ደግሞ 170 ገደማ ይወስዳል። የአንድ ሰዓት ፎርኬ 10 ጊጋ አካባቢ ነው ማለት ነው። በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት ፎርኬ የሚቀርጽ የቲክቶክ ወይም የዩቲዩብ ልጅ በዓመት ከ500 ጊጋ በላይ ይሰበስባል። ለእሱ 1 ቴራ ተገቢ ነው፤ እሱም ሁለት።

ሠርግ ለሚቀርጽ ባለሙያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋ ይበላል። ሦስት ካሜራ ለአራት ሰዓት ቢሠራ 540 ጊጋ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ። ለዚህ ሰው 2 ቴራ ቅንጦት አይደለም፣ የሥራ ዕቃ ነው። የሰው ሠርግ ይዞ በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ ከኔ የባሰ ነው። እኔ ያጠፋሁት የራሴን ነው።

ወደ ታች መውረዱም አያዋጣም። 128 ጊጋ ርካሽ መስሎ ይታያል፣ ግን ኬዙ ለ128ም ለ1 ቴራም ዋጋው ያው ነው። የኬዙን ዋጋ ደምራችሁ ለጊጋው ብዛት ስታካፍሉት፣ ትንሹ እንደውም ውድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሌላም ነገር አለ። ኤስኤስዲ በተጻፈበት ቁጥር ያልቃል፤ ትንሹ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የሳምሰንግን 970 ኢቮ ፕላስ ውሰዱ። ለባለ 250 ጊጋው ኩባንያው ዋስትና የሰጠው 150 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው። ለ500ው 300፣ ለ1 ቴራው 600። ስለዚህ አዲስ ለሚገዛ ሰው መነሻው 500 ቢሆን ነው የምመክረው።

ፍጥነት ላይም አትሸወዱ። ካርቶኑ ላይ «በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት» የሚል ኤስኤስዲ አለ። ለላፕቶፕ ውስጥ ይሁን። በኬዝ በኩል ሲሄድ ግን ብዙዎቹ ኬዞች የሚያሳልፉት በሰከንድ 1,000 ገደማ ነው። ስልኩም የራሱ ገደብ አለው። አይፎን 15 ታይፕ ሲ ይኑረው እንጂ በኬብል የሚያስተላልፈው በድሮው የዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 40 ሜጋባይት አካባቢ። 15 ፕሮ ይፈጥናል፣ ግን ካርቶኑ ውስጥ በሚመጣው ኬብል አይደለም። ብዙ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው አንድሮይዶችም ከዩኤስቢ 2 አልወጡም። በጠባብ በር ለሚያልፍ ሰው ሰፊ መንገድ ምን ያደርግለታል? ያንን የፍጥነት ገንዘብ ለሁለተኛው ኮፒ አስቀምጡት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በጣም ርካሽ ሆኖ «16 ቴራ ኤስኤስዲ» የሚል ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ሲከፈቱ ውስጣቸው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ሲገኝ በተደጋጋሚ ታይቷል። መጠኑን እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ነው። መጀመሪያ የምታስገቡትን ይቀበላል፤ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን ዝም ብሎ «ኮፒ ሆኗል» እያለ የገባውን ያበላሻል። ማጣሪያው ቀላል ነው። አዲስ ዕቃ ስትገዙ፣ ምንም ሳትሰርዙ፣ እስኪሞላ ድረስ ፋይል አስገቡበትና መጀመሪያም መጨረሻም የገባውን ክፈቱ። ከተከፈተ ደግ። ካልተከፈተ ዛሬውኑ መልሱ። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነማ ይህን ፈተና እሱ እዚያው እያለ ቢያደርግላችሁ ይሻላል። ዕቃው እዚህ ደርሶ ቢበላሽ፣ ዋስትናው ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ነው ያለው።

ስትገዙ ኬዙና ኤስኤስዲው መግባባታቸውንም ጠይቁ። ኤንቪኤምኢ የሚባል አለ፣ ሳታ የሚባል አለ። መልካቸው ሊመሳሰል ይችላል፣ ግን አንዱን ብቻ የሚቀበል ኬዝ ሌላውን አያውቀውም። ከገዛችሁ በኋላ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት አድርጉት። በዚያ ዊንዶውስም ማክም አይፎንም፣ አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ አንድሮይዶችም ያነቡታል። የድሮው ፋት32 ግን ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ረዥም ቪዲዮ አይገባም።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ቴሌግራም ላይ አስቀምጠዋለሁ» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። እሺ፣ ግን ቴሌግራም ፎቶን በፋይል መልክ ካልላካችሁት ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። የጉግል ነፃ ቦታ 15 ጊጋ ነው፤ እሱንም ከኢሜይላችሁ ጋር ትካፈላላችሁ። 180 ጊጋ ለመጫን ደግሞ የስንት ቀን ፓኬጅና የስንት ሌሊት ኔትወርክ እንደሚያስፈልግ እናንተው አስሉት። ክላውድ ጥሩ ነው፤ በተለይ ለማይተኩት ጥቂት ነገሮች ተጠቀሙበት። ለሁሉም ግን የብዙዎቻችን አቅም አይፈቅድም።

ሁለተኛው ኮፒ የግድ አዲስ ዕቃ ላይ መሆንም የለበትም። ላፕቶፓችሁን ወደ ትልቅ ኤስኤስዲ ስታሳድጉ የወጣችው ባለ 256 ሰሌዳ አለች አይደል? ኬዝ ግዙላት። ወይ ቤት ውስጥ የተኛ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካለ አውጡት። ቀርፋፋ ይሁን፤ ዋናው የሚሠራ መሆኑ ነው። ሁለቱን ግን አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡ። ቦርሳው ሲሰረቅ ሁለቱም ይሄዳሉ። ኤስኤስዲ ሳይሰካ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ እንዲተኛም አልተሠራም፤ በየጥቂት ወሩ ሰክታችሁ እዩት። ስትነቅሉም «ኢጀክት» ብላችሁ ንቀሉ። መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ኮፒ አታድርጉ። ይህን ከማንም አልሰማሁትም፣ ከራሴ ነው።

አገራችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚል አባባል አላት። ስለ ኤስኤስዲ የተባለ አይመስልም፣ ግን ከዚህ የተሻለ የግዢ ምክር ሱቅ ውስጥ አልሰማሁም።

አሁን ሁለት ባለ 500 አሉኝ። አንዱ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ እህቴ ቤት። በወር አንድ እሑድ ስሄድ አዲሱን እገለብጥና እመለሳለሁ፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ከሠርጉ የተረፈው እህቴ በቴሌግራም ከሰው የሰበሰበቻቸው 40 የሚሆኑ የደበዘዙ ፎቶዎች ናቸው። ሁለቱም ዕቃ ላይ አሉ። በአንዱ ላይ አያታችን አፋቸውን ከፍተው እየተናገሩ ነው። ድምፁ የለም። እህቴ ግን ፎቶውን ባየችው ቁጥር «እዚህ ጋ ስለ በቅሎዋ እያወሩ ነበር» ትለኛለች።