ፀሐይ፣ ባህርና ሽንፈት

“እረፍትህን እንዴት አሳለፍክ?” ስትሉት “ባህር ዳርቻ ሄጄ በየቀኑ አራት ሰዓት ተቀምጬ ቼዝ ተሸነፍኩ” የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኛ “ታድለህ!” ነው የምንለው።

ቀልድ አይደለም። የአውሮፓ ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ የዋና ልብስና የቼዝ መጽሐፍ በአንድ ሻንጣ ጠቅልለው ፀሐይ ወዳለበት ባህር የሚወርዱ ተራ ሰዎች አሉ። ስመ ጥሩው ማረፊያቸው ከስፔን ጫፍ ያለችው የእንግሊዝ ግዛት፣ ጅብራልታር ነበረች። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ እስከ 2020 ድረስ በየጥሩ፣ ካታላን ቤይ በሚባለው የባህር ዳር መንደር፣ ካሌታ ሆቴል ውስጥ ይካሄድ ነበር።

አደረጃጀቱን ልብ በሉልን። አማተሮቹ ጠዋት፣ ታላላቆቹ ከሰዓት ይጫወታሉ። ጠዋት ፈረሱን በከንቱ ያስበላ ሰው ምሳውን በልቶ፣ ባህሩን አይቶ፣ ከሰዓት ሂካሩ ናካሙራ ሲጫወት ቆሞ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የ17 ዓመቷ ቻይናዊት ሁ ይፋን ከናይጀል ሾርት ጋር በእኩል ነጥብ አንደኛ ስትሆን (በመለያ ጨዋታው አሸንፏታል) አማተሮቹ እዚያው ጣሪያ ሥር ነበሩ። እስቲ የትኛው የሰፈር ኳስ ተጫዋች ነው ጠዋት ተጫውቶ ከሰዓት እዚያው ሜዳ ላይ ሜሲን የሚያየው?

“ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ወይ ተጫወት ወይ እረፍ” የሚሉ አይጠፉም። እኛ አንስማማም። በሳምንት መጨረሻ ውድድር ሦስት ጨዋታ በአንድ ቀን ታጭቆ፣ የተሸነፈው ሽንፈቱን ታክሲ ውስጥ ይዞ ይገባል። በቀን አንድ ጨዋታ ብቻ ሲሆን ግን የተሸነፈው ሰው የሚሄድበት አለው። በእግሩ ይንሸራሸራል፣ ማታ ካሸነፈው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ “እዚህ ጋ ነው የተበላሸብኝ” ይላል። የእንግሊዙ ሄስቲንግስም ባህርና የዘመናት የክረምት ውድድር አለው፤ የጎደለው ፀሐይ ነው።

ይህ ለምን ይገደናል? እኛ ከተማ “አማተር” ስድብ ስለሆነ ነዋ! ልጅ ሆነን መጫወት ያስመሰግናል። ሥራ ከያዝን በኋላ ግን “ለማታሸንፈው ነገር ምን አደከመህ?” ይመጣል። ስለዚህ ስዕሉንም፣ ክራሩንም፣ ቼዙንም አንድ በአንድ እንተዋለን። በ30 ዓመታችን የቀረን ሥራና ስልክ ነው። አባቶቻችን እንኳ እንዲህ አልነበሩም። በጥንቱ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ከበው የሚያዩትም ዝም አይሉም፣ ይመክራሉ። ጨዋታው የጉባኤ ነበር።

ዋጋውን አንደብቅም። ኪስ የሚያራቁተው አውሮፕላኑና ሆቴሉ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ቪዛው ይጨመራል። የባህር ዳር ቼዝ ገንዘብና ጊዜ ላለው ጡረተኛ እንጂ ለጀማሪ ደመወዝተኛ አልተሰፋም። ሐሳቡ ግን ቪዛ አይጠይቅም። ደካማውና ጎበዙ አንድ ጣሪያ ሥር፣ በቀን አንድ ጨዋታ፣ አጠገቡ ውሃ። ባህር ባይኖረንም ሐዋሳ ሐይቅ አለልን። የጥር ፀሐይ ደግሞ እኛ ዘንድ በነጻ ነው።

የቼዝ ክበቦቻችን ሆይ፣ ለሻምፒዮኖቹ ማዘጋጀታችሁን ቀጥሉ። ለእኛ ለተሸናፊዎቹም አንድ ሳምንት አስቡልን። እኛ ዋንጫ አንፈልግም፤ ጠረጴዛው ጥላ ውስጥ ይሁንልን።