«አልቃለች» የተባለችው ትንሿ ባትሪ

በየቤቱ የማይጣሉ ነገሮች የሚጠራቀሙበት አንድ መሳቢያ ወይም የወተት ጣሳ አይጠፋም። ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር፣ የቀሚስ አዝራር፣ ሁለት ሦስት ብሎን፣ ከዚያም ከመኪና ሪሞት ወይም ከሚዛን ወጥታ «ምናልባት ትሠራ ይሆናል» ተብላ የተቀመጠች ክብ ባትሪ። በጅምላው የሰዓት ባትሪ የምንላት ማለቴ ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እሷ ነው፤ በተለይ የልጅ ልጅ የምትጠብቁ አያቶች ጆሯችሁን አውሱኝ።

ገልብጣችሁ ብታዩአት ብዙውን ጊዜ «ሲ አር 2032» የሚል ተቀርጾባታል። ቁጥሩ ልኳን ይናገራል። 20 ማለት ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር ነው፣ 32 ማለት ደግሞ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ሕፃን ሲውጣት በምግብ ቧንቧው ላይ ተሰንቅራ የመቅረት ዕድሏ ከፍተኛ የሆነው ይህን ያህል ስትሰፋ ስለሆነ ነው። አነስ ያሉት የእጅ ሰዓት ባትሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሆድ ያልፋሉ። አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከተወተፉ ግን እነሱም ያቃጥላሉ።

ውስጧ ያለው ሊቲየም የተባለው ብረት ራሱ ነው። ይህን ብረት እንደገና በሚሞላ ባትሪ ውስጥ ለማዋል ሳይንቲስቶች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሞክረዋል። ሆኖም ባትሪው በተሞላ ቁጥር ሊቲየሙ እንደ እሾህ እያቆጠቆጠ ማዶ ይሻገርና ከውስጥ እያገናኘ እሳት ያስነሳል። የእጅ ስልካችን ባትሪ፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያበቃው ዓይነት፣ ብረቱን እንዳለ መጠቀም ትቶ ነው ይህን ጣጣ ያለፈው። የእኛዋ ክብ ባትሪ አንዴ ብቻ ተሠርቶባት የምትጣል ስለሆነች እሾሁ አያሰጋትም። እሷን ቻርጅ ለማድረግ መሞከር ግን አደጋ መጥራት ነው።

ብረቱ ለዚህች ባትሪ የሰጣት ትልቁ ስጦታ ዕድሜ ነው። ሳትነካ ብትቀመጥ በዓመት የምታጣው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ አሥር ዓመት መደርደሪያ ላይ ከርማም ትሠራለች። ጉልበቷም 3 ቮልት ነው። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ 1.5 መሆኑን አስታውሱ። እንግዲህ መከራው የሚመጣው ከዚሁ ስጦታዋ ነው። «አልቃለች» ስንል ሪሞቱን ማንቀሳቀስ አቃታት ማለታችን ነው፤ ባዶ ሆነች ማለት አይደለም። 1.2 ቮልት ገደማ ብቻ የቀራት ባትሪ እንኳ ጉሮሮ ለማቃጠል በቂ ናት።

ብዙ ሰው ባትሪዋ ተቀዳ መርዝ ስለምታፈስ ይመስለዋል። ሳትቀደድም ታቃጥላለች። እርጥብ ሥጋ ሁለቱን ፊቶቿን ሲያገናኝ ኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ በኔጌቲቩ ፊት በኩል ምራቁ ውስጥ ያለው ውሃ ይለወጥና እንደ ኮስቲክ ሶዳ ሥጋ የሚበላ ነገር ይፈጠራል። ለከባድ ቁስል ሁለት ሰዓት ይበቃል። ባትሪዋ ከወጣች በኋላም ቁስሉ ለቀናት እየጠለቀ የአየር ቧንቧን ወይም ትልቁን የደም ሥር ሊበሳ ይችላል።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ምልክቱ ነው። ልጁ ለሃጩን ያዝረበርባል፣ ምግብ እንቢ ይላል፣ ያስላል፣ ያስመልሳል። ሲውጣት ያየ ከሌለ አንዱ «ጥርስ እያወጣ ነው» ይላል፣ ሌላው «እንጥሉ ወርዶ ነው»፣ ሰዓቱም ይነጉዳል። ከሪሞት ወይም ከአሻንጉሊት ባትሪ ጠፍቶ ልጁ እንዲህ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ «ባትሪ ውጦ ሊሆን ይችላል» ብላችሁም ተናገሩ። በራጅ ሲታይ የባትሪ ጠርዝ ድርብ ቀለበት ይመስላል፤ ሐኪሙ ከሳንቲም የሚለየውም በዚህ ነው።

እንዲያስመልስ አታስገድዱት። «ያወርድለታል» ብላችሁ ዳቦ ወይም ሙዝ አታጉርሱት። አንድ ነገር ግን ቤታችሁ ውስጥ አለ፤ ማር። ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር በየአሥር ደቂቃው እስከ ስድስት ጊዜ መስጠት ይቻላል። ማሩ ባትሪዋን ሸፍኖ ቃጠሎውን ያዘገያል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ በመንገድ ላይ ይሰጥ፤ ማር ፍለጋ ተብሎ አንድ ደቂቃ እንዳይባክን። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

ባትሪዋን ራሷን ለማሻሻል የሚደክሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዕቃው ውስጥ ተጭና ስትቀመጥ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ልባስ ሠርተው አሳይተዋል፤ ጉሮሮ ውስጥ የሚጫናት ስለሌለ ዝም ትላለች። ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ሐሳብ ይህ ነው። በገበያ ላይ የምናገኘው ግን መራራ ቅባት የተቀባውን ነው። ቅባቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም እሬት ጡት ላይ ተቀብቶ ጡት አልጥልም ያለ ልጅ ያሳደገ ሰው በምሬት ብቻ አይታመንም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣችው ሕግ ደግሞ የባትሪው ክዳን እንደ ካቻቢቴ ባለ መሣሪያ ወይም ሁለት የተለያዩ የእጅ እንቅስቃሴዎችን በአንድ ጊዜ በሚጠይቅ መንገድ ብቻ እንዲከፈት ያዝዛል።

ቤታችሁ ያለውን መፈተሽ ግን ሕግ አይጠብቅም። የሚበራ ጫማ፣ የሚዘምር የልደት ካርድ፣ ባለ ባትሪ ሻማ፣ የሙቀት መለኪያ፣ የመኪና ሪሞት፣ ዘመድ ከውጭ የላከው አሻንጉሊት፤ ክዳኑን በጥፍራችሁ ሞክሩት። በጥፍር ከተከፈተ ለልጁም ይከፈትለታልና በፕላስተር ጠቅልሉት ወይም ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከመሳቢያው ያወጣችኋትን አሮጌ ባትሪ ደግሞ ሁለቱንም ፊቷን በፕላስተር ሸፍኑና ልጅ ከማይደርስበት ቆሻሻ መጣያ ክተቷት። አዲሷን የምትገጥሙትም ልጁ ሲተኛ ይሁን።