ፎቶግራፍ አይቶ ማዘን ይበቃልን?

ደቻቱ የሚባለው ወንዝ የድሬዳዋን ከተማ ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ግን ወንዝ መሆኑን የሚያስታውሰው የለም፤ ውሃ የሌለው ሰፊ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያተኛ ዕቃውን ዘርግቶ ይገበያይበታል፣ ድኻም በዳርቻው ጎጆ ቀልሶ ይኖርበታል። በሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ሌሊት ይህ ደረቅ አሸዋ ከምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች የወረደውን የክረምት ውሃ ተሸክሞ በተኛው ሕዝብ ላይ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች የት እንደ ደረሱ ሳይታወቅ ቀረ፤ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብም መጠለያ አጣ። በማግሥቱና በተከታዮቹ ቀናት የፈረሱ ቤቶች፣ በጭቃ የተሞሉ መንገዶችና ዘመዶቻቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ፎቶግራፎች በጋዜጣና በቴሌቪዥን ለአገሩ ሁሉ ታዩ።

በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በመንዝ ደጋ፣ በግሼ ወይም በመርሐ ቤቴ የሚኖር ወጣት፣ አይቶት የማያውቀውን የሩቅ ከተማ ጥፋት በፎቶግራፍ ቢመለከትና ለጓደኛው ቢያሳይ ምን ይጠቅማል? አንዳንዶች «የሰውን መከራ በሥዕል እያዞሩ ማየት ከንቱ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ፎቶግራፉን አይተው «ወይ ጉድ!» ካሉና ለሌላ ካስተላለፉ በኋላ የወገንነት ግዴታቸውን የፈጸሙ ይመስላቸዋል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። የተጎዳ ከተማን ፎቶግራፍ ማየትና ማሳየት ተገቢ፣ አንዳንድ ጊዜም ነፍስ የሚያድን ተግባር ነው፤ ይሁን እንጂ ተመልካቹ እውነትን፣ ክብርንና ሥራን ካልጨመረበት ከወሬነት አያልፍም።

መከራን መደበቅ መከራን እንደሚያበዛ የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ በገባ ጊዜ የዘመኑ መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ሸፍኖት ነበር። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አሳዩ፤ ያዩትም መምህራንና ተማሪዎች እርዳታ ለማሰባሰብ ተነሡ። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየና የተደበቀው ረኃብ ለዓለም ተገለጠ።

ከ11 ዓመታት በኋላም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት ወር 1976 ዓ.ም. የረኃቡን ስፋት ገልጾ ለለጋሽ አገሮች ጥሪ ቢያቀርብም ያገኘው መልስ ከችግሩ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ግን ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ሲታይ የብዙ አገር ሕዝብ ተንቀሳቀሰ፤ በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅትም ከዚያ የመነጨ ነበር። ቁጥር ያላነቃውን ልብ ሥዕል አነቃው። አበው «ሺህ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት» የሚሉትም ለዚህ ነው። እንግዲህ ሥዕሉን ማየት ከንቱ ነው የሚለው ሐሳብ ከዚህ ታሪክ ፊት ሊቆም አይችልም።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ መንገድን ተከትሎ እንደሚሄድ መዘንጋት የለበትም። ኮረም ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ድሬዳዋም ከቆረቆራት የባቡር ሐዲድ ሌላ አውራ ጎዳናና የአውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከተማ ናት። በአንጻሩ፣ በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም.፣ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ቆላ በሚኖሩ አርብቶ አደሮች ላይ ሲፈስ ከ350 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በውሃ የተከበቡትን ለማውጣት ጀልባና ሄሊኮፕተር አስፈልጎ ነበር፤ የነፍስ አድን ሠራተኛ በጭንቅ ወደሚደርስበት ስፍራ ካሜራ ይዞ መድረስማ እንዴት ይቀላል?

ይህን የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ልጅ ከማንም ይበልጥ ሊረዳው ይገባል። ውርጭ የገብሱን ቡቃያ ሲያቃጥለው፣ የበልግ ዝናብ ሲቀር፣ በረዶ አዝመራውን ሲያወርደው ወይም ተዳፋቱ ከነቤቱ ሲናድ ገደል ወርዶና አቀበት ወጥቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሁልጊዜ አይገኝም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የምድር መንቀጥቀጥ ከመንዝ ደጋ በስተ ምሥራቅ ግርጌ ያለችውን የማጀቴን ከተማ አፈራርሷት ነበር። የዚያን ጥፋት ሥዕል ያየ ተማሪ ዛሬ ስንት ይገኛል? ስለዚህ የአንዱን ከተማ ፎቶግራፍ ስናይ፣ ፎቶግራፍ ያልተነሣለት ሌላ መንደር ሊኖር እንደሚችል ማሰብና ስለ እርሱም መጠየቅ የመጀመሪያው የተመልካች ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ግዴታ የተጎጂውን ክብር መጠበቅ ነው። በባህላችን ሰው ከደረሰበት መከራ ይልቅ የገመናው መገለጥ ይከብደዋል። ጎረቤቱ ቤቱ ተቃጥሎበት እርቃኑን ቢወጣ፣ ጨዋ ሰው የለበሰውን ጋቢ አውልቆ ያለብሰዋል እንጂ ቆሞ አይመለከተውም። ካሜራም እንደዚሁ ሊሆን ይገባዋል። የፈረሰውን ቤት፣ የተቆረጠውን መንገድ፣ የተሰበረውን ድልድይ፣ ቁፋሮውንና እርዳታውን ማሳየት ችግሩን ይገልጻል። ፊቱ የሚታወቅ ሬሳ፣ እርቃኑን የሆነ ሕፃን ወይም በኀዘን ራሱን የሳተ ሰው ማሳየት ግን ለተጎጂው ምንም አይጨምርለትም፤ የሚያረካው የተመልካቹን ጉጉት ብቻ ነው። አንድ ሰው ፎቶግራፍ ከማንሣቱም ሆነ ለሌላ ከማስተላለፉ በፊት «ይህ ሰው እናቴ ወይም ወንድሜ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሆኖ እንዲታይ እፈቅድ ነበርን?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ከብዙ ስሕተት ይድናል።

ሦስተኛው ግዴታ እውነትን መጠበቅ ነው። ቀድሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ካሜራ ያለው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ የሚያትመውም የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ዛሬ ግን በእጅ ስልክ ማንም አንሥቶ ለማንም ይልካል። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡት ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ ተቀብረው ነበር። ሕዝቡ በእጁና በአካፋ ሲቆፍር የሚያሳየው ሥዕል በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ይህ የስልክ በጎ ጎኑ ነው። ክፉ ጎኑ ደግሞ የሌላ አገርን ወይም ያለፈ ዘመንን ሥዕል «ዛሬ የሆነ ነው» እያሉ ማሰራጨት መቻሉ ነው። ሐሰተኛ ሥዕል ዘመድ ያለውን ሰው በከንቱ ያስደነግጣል፤ እርዳታን ወዳልተፈለገበት ቦታ ይመራል፤ ከሁሉ የከፋው ግን እውነተኛው ሥዕል በመጣ ጊዜ የሚያምን ሰው ማሳጣቱ ነው። ስለሆነም ቦታው፣ ቀኑና ያነሣው ሰው ያልታወቀ ፎቶግራፍ ምስክር ሊባል አይገባውም፤ እንደ ምስክርም ለሌላ መተላለፍ የለበትም።

ከእውነት ጋር ተያይዞ ሊነሣ የሚገባው ሌላ ጉዳይ የጥፋቱ ምክንያት ነው። ፎቶግራፍ የሆነውን ያሳያል እንጂ ለምን እንደ ሆነ አይናገርም። ለምሳሌ ያህል፣ በነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን የባሕር ዳርቻ በመታ ጊዜ ከኒው ኦርሊንስ ከተማ 80 በመቶ የሚሆነው በውሃ ተሸፍኖ ነበር። ሰዎች በቤታቸው ጣራ ላይ ሆነው እርዳታ ሲለምኑ የሚያሳየውን ሥዕል ያየ ሁሉ ጥፋቱን ነፋሱና ዝናቡ ብቻ ያደረሱት ሊመስለው ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን ከተማዋን ከውሃ ይከላከላሉ የተባሉት ግድቦች በብዙ ቦታ መሰበራቸው ነበር። በድሬዳዋም እንዲሁ ነው። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ጭቃውን ነው፤ ከበላይ ያለው ተራራ ደኑ ተመንጥሮ ውሃ መያዝ እንዳቃተው፣ ከታችም ቤቶች በጎርፍ መንገድ ላይ እንደ ተሠሩ አያሳይም። ምክንያቱን የጠየቁ ሰዎች ግን ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ሠርተዋል። በመሆኑም አስተዋይ ተመልካች ማልቀስ ብቻ ሳይሆን መጠየቅም አለበት። የራሱን ቀዬ ተዳፋት ዞር ብሎ ቢያይም፣ የተራቆተ ኮረብታ ሥራ ይጠብቀው ይሆናል።

የመጨረሻውና ዋነኛው ግዴታ ሥራ ነው። በአገራችን ልማድ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። አንዱ እንጀራ፣ አንዱ እህል፣ አንዱ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጉልበት ያለው እንጨት ይፈልጣል፣ ውሃ ይቀዳል። ከበር ቆሞ የኀዘንተኛውን ፊት አይቶ የሚመለስ ሰው ግን ለቅሶ ደረሰ አይባልም። የሩቅ ከተማ ፎቶግራፍም እንደ መርዶ ሊቆጠር ይገባል፤ መርዶ የሰማ ሰው ደግሞ መድረስ አለበት። እርዳታው ግን በማስተዋል መሆን ይኖርበታል። የመንዝ በርኖስና ባና ለደጋ ብርድ የተመሰገኑ ቢሆኑም ለድሬዳዋ ሙቀት አይስማሙም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከየቤቱ የተገኘውን ሁሉ ከመላክ ይልቅ ተጎጂዎች የሚያስፈልጋቸውን ጠይቆ መላክ፣ ወይም ጥቂትም ብትሆን ገንዘብ አዋጥቶ እንደ ቀይ መስቀል ማኅበር ባለ ድርጅት በኩል በደረሰኝ ማስተላለፍ ይሻላል። ፎቶግራፉ ከጋዜጣ ከጠፋ በኋላም፣ ቤት መሥራትና ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ወራትና ዓመታት እንደሚጠይቅ ማስታወስ ያስፈልጋል።

«እኛ ራሳችን ድኾች ሳለን ማንን እንረዳለን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በርግጥ የደጋው ገበሬ ጎተራ ዘወትር ሙሉ አይደለም። ነገር ግን ዕድርንና ደቦን የፈጠረው ባለጸጋ አይደለም፤ ብቻውን መቆም እንደማይችል የተረዳ ድኻ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውም ብሂል የተነገረው ለሀብታም ሳይሆን ሸክም ለሚከብደው ሰው ነው። ከአንድ ክፍል ተማሪ የሚዋጣ አንዳንድ ብር አንድ ቤት ላይሠራ ይችላል፤ ከብዙ ትምህርት ቤቶች ሲሰበሰብ ግን ይሠራል። ከዚህም በላይ፣ ውርጭና ናዳ በማይለዩት አገር የሚኖር ሰው ዛሬ ተመልካች ቢሆን ነገ ተመልካች ፈላጊ መሆኑ አይቀርም።

በጠቅላላው፣ የተጎዳ ከተማን ፎቶግራፍ ማየት የወገንነት መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ሥዕሉን ያየ ወጣት እውነተኛነቱን ይመርምር፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለውን ሰው ያክብር፤ ሥዕል ያልደረሰለትን ያስታውስ፤ የጥፋቱን ምክንያት ይጠይቅ፤ ከዚያም እንደ ዐቅሙ እጁን ይዘርጋ። ይህን የሚያደርግ ተማሪ በድሬዳዋም ይሁን በጎፋ፣ በኦሞ ዳርቻም ይሁን በማጀቴ፣ ለወገኑ የደረሰ ሰው ይባላል።