ሽጉጥ ተሸጉጦ ይኑር

የቀደሙት አባቶቻችን ለዚህች አጭር መሣሪያ ስም ባወጡላት ጊዜ፣ ከአፈሙዟም ሆነ ከድምፅዋ ወይም ከምታደርሰው ጉዳት ሳይነሡ፣ ከመኖሪያዋ ተነሥተው «ሽጉጥ» ብለዋታል፤ ይኸውም «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የተገኘ ሲሆን፣ በመታጠቂያ ሥር ወይም በልብስ እጥፋት ውስጥ ገብታ ከሰው ዓይን የተሰወረች ማለት ነው። ጠመንጃ በትከሻ ተነግቶ፣ ጎራዴም በወገብ ተንጠልጥሎ ስለ ባለቤታቸው ማዕርግ በአደባባይ ሲመሰክሩ፣ ሽጉጥ ግን ገና ከስሟ ጀምሮ ዝምታ የታዘዘባት ናት። ስለዚህም በሰሜን አሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ ይህችን የተሰወረች መሣሪያ በግብዣ መካከል እያወጡ ለወዳጅ ሲያሳዩ ባየሁ ቍጥር፣ ከሕጉም ከአደጋውም በፊት ስሟ ራሱ የሚወቅሳቸው ይመስለኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ከተማ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አንድ ወዳጄ ለሕፃን ልጁ ክርስትና ጠርቶኝ ነበር። ማዕዱ ተነሥቶ፣ ቄሱም መርቀው ከተሰናበቱ በኋላ (ቀድመው መሄዳቸውም ደግ ሆነ)፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ሳለ፣ ጨዋታው በነዳጅ ማደያና በመጠጥ መሸጫ ሱቅ ሌሊቱን የሚሠሩ ወገኖች ስለሚገጥማቸው ዝርፊያ ሆነ፤ በዚህን ጊዜ ባለቤቱ ከሸሚዙ ሥር ሽጉጡን መዘዘ፤ ካርታዋንም ነቅሎ በግራ እጁ እንደ ያዘ «ባዶ ናት፤ አትፍሩ፣ እዩአት» እያለ ለተጋባዦቹ ያቀብል ጀመር። ሽጉጧም እንደ ቡና ስኒ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ አፈሙዟ ከረከቦቱ ፊት የተቀመጠችውን ልጅ፣ ሕፃኑን የታቀፈችውን እናት፣ የእኔንም ደረት ተራ በተራ እየጎበኘ አለፈ፤ ከመካከላችንም አንድ ቃል የተነፈሰ አልነበረም። ተራው ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ በደረሰ ጊዜ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩት እኒህ ሰው እጃቸውን ሳይዘረጉ «መጀመሪያ ከፍተህ አሳየኝ፣ ልጄ» አሉ።

«ባዶ ናት አልኩ እኮ፣ አባባ።»

«ሰምቻለሁ። አሁን አሳየኝ።»

ወዳጄም ቅር እያለው የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ አሳያቸው፤ በእርግጥም ባዶ ነበረች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አይተው «እግዜር ይስጥልኝ፤ በል ወደ ቦታዋ መልሳት» አሉና ሳይነኳት ስኒያቸውን አነሡ። የባለቤቱ ፊት ጠቆረ፤ ጨዋታውም ቀዘቀዘ፤ እኔም ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በሰው ቤትና በሰው ደስታ ላይ ጋባዣቸውን እንደ ሐሰተኛ ቈጠሩት ብዬ በልቤ ፈረድሁባቸው። ሽጉጧ ባዶ ሆና መገኘቷም ፍርዴን ያጸናልኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ደጋግሜ ካሰብሁት በኋላ ግን፣ ባዶ በነበረችበት በዚያች ሰዓት እንኳ ትክክለኛው እሳቸው እንደ ነበሩ ተረዳሁ።

መሣሪያ መያዙን ልነቅፍ አልተነሣሁም። በዚያ ሀገር መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ መብት ነው፤ የሀገሪቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2022፣ በስድስት ድምፅ በሦስት፣ ይህ መብት ከቤት ውጭም ሰውን እንደሚከተል ፈርዷል። ከ50ዎቹ ግዛቶች ከእኩሌታ የሚበልጡት አንድ ሰው መሣሪያውን ሰውሮ እንዲይዝ ፈቃድ እንኳ አይጠይቁትም። ሌሊቱን በመስተዋት በተከለለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ብቻውን የሚያነጋ ሰው ስለ ሕይወቱ የሚያስበውን፣ በፀጥታ ተኝቶ የሚያድር ጸሐፊ ሊገሥጸው አይገባም። ጥያቄዬ ሰውሮ መያዝን የመረጠ ሰው፣ ከመረጠ በኋላ ስለ ምን ይገልጣል የሚል ነው።

ሽጉጥ ገላጩን ሰው የሚያሳስተው አሠራሯ ነው። ካርታ ባላት ሽጉጥ ጥይት በሁለት ስፍራ ያድራል፤ አንደኛው በእጀታው ውስጥ የሚገባው ካርታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከካርታው ወጥታ የጎረሰችው አንዲት ጥይት ከአፈሙዙ ቱቦ ጀርባ የምታድርበት ጉሮሮ ነው። ስለዚህ ካርታውን የነቀለ ሰው ሆዷን ባዶ አደረገ እንጂ ከአፏ ያለውን ጕርሻ አላወጣም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቅደም ተከተሉን የሚያፋልሰው ነው፤ ካርታውን ሳይነቅል የላይኛውን ብረት ስቦ የጎረሰችውን ጥይት ያስወጣ ሰው፣ ብረቱ ወደ ፊት ሲመለስ ሌላ ጥይት ከካርታው ይዞ መግባቱን ሳያስተውል፣ ኋላ ካርታውን ነቅሎ በሙሉ ልብ «ባዶ ናት» ይላል። ይህ ሰው አይዋሽም፤ የወደቀችውን ጥይት በዓይኑ አይቷልና። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1978 «ቺካጎ» የተባለው የሙዚቃ ጓድ የጊታር ተጫዋች የነበረው ቴሪ ካት በሎስ አንጀለስ በወዳጁ ቤት ሽጉጥ ሲነካካ፣ ወዳጁ ቢሰጋለት ባዶ ካርታውን አውጥቶ አሳይቶ፣ መልሶ ከቶ፣ ምላጩን ሳበ፤ ጎርሳ የነበረችውም ጥይት 32ኛ ዓመቱን ሊደፍን ስምንት ቀን ሲቀረው ሕይወቱን አሳለፈችው። እንደ ዋስትና የቀረበው ባዶ ካርታ ነበር፤ ጥይቷ ግን በሌላኛው ስፍራ ነበረች።

ይህ የአላዋቂ ዕጣ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በፍሎሪዳ፣ በኦርላንዶ ከተማ የሆነውን ያስታውስ። የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረ አንድ ሰው፣ በሕፃናትና በወላጆች ፊት ቆሞ ስለ መሣሪያ አደገኛነት ሲያስተምር፣ በዚያ አዳራሽ ይህን ሽጉጥ ለመያዝ የሚበቃ ሙያ ያለው እሱ ብቻ መሆኑን በተናገረ በጥቂት ቅጽበት ውስጥ ሽጉጡ ባረቀበትና የገዛ ጭኑን መታው። ቋንቋችን ለዚህ ነገር «ባረቀ» የሚል ቃል አለው፤ ግሡ በሰማይ መብረቅ ዘንድ ዘመድ ያለው ሲሆን፣ ሲነገርም ጥፋቱን ከሰውየው ላይ አንሥቶ በመሣሪያው ላይ የሚጥል ይመስላል። እኔ በበኩሌ ይህን ቃል በጥርጣሬ ነው የምሰማው፤ ዘመናዊ ሽጉጥ ምላጩን የሚስብ ጣት ካላገኘ በስተቀር ከቶም አይባርቅም ለማለት ትንሽ ይቀራልና። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል በስሕተት የሞቱት 549 ናቸው፤ ቍጥሩ ከጠቅላላው አንጻር ያነሰ ነው ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን እነዚህ 549ኙ ገዳይ ጠላት ሳይኖራቸው የሞቱ ናቸው።

ጄፍ ኩፐር የተባለ፣ በአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር መኮንን የነበረና እ.ኤ.አ. በ1976 በአሪዞና የሽጉጥ ትምህርት ቤት ያቆመ ሰው፣ ዛሬ በየተኩስ ሜዳው እንደ ቀኖና የሚነገሩትን አራት ሕግጋት ደንግጓል፤ የመጀመሪያውም መሣሪያ ሁሉ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ ይቈጠር የሚል ነው፤ ከዚያም አፈሙዝን ሊያጠፉት ወደማይፈቅዱት ነገር አለማዞር፣ ዒላማ ላይ ሳያነጣጥሩ ጣትን ከምላጭ ማራቅ፣ ዒላማውንና ከበስተኋላው ያለውን ለይቶ ማወቅ ይከተላሉ። በእኛም ሀገር «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይባላል፤ ከፊቱ ያለው አፈሙዙን፣ የያዘውም ባዶነቱን ይፈራልና። በዚያ የክርስትና ግብዣ ላይ ግን ከሽማግሌው በስተቀር ማንንም አላስፈራም፤ ክፋቱም ከዚህ ላይ ነበር።

ስለ ምን አልፈራንም? ፈርተን ነበር እንጂ፤ ነገር ግን ከፍርሃታችን ይሉኝታችን በለጠ። የእኛ ሰው የሚቀበለውን ነገር በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ በሰጪው ፊት ሳይመረምር ያኖራል፤ ስጦታን በእንግዳ ፊት አይፈታም፤ ወዳጅ የመለሰለትንም ገንዘብ መቍጠር ያፍራል። ይህ ሁሉ መልካም ምግባር ሆኖ ሳለ፣ ሽጉጥ በመካከል ሲገባ ግን ወደ ገዳይነት ይለወጣል። በሠለጠኑ ተኳሾች ዘንድ ያለው ሥርዓት የዚህ ተቃራኒ ነውና፤ ሰጪው ከፍቶ አይቶ፣ እንደ ተከፈተች ያቀብላል፤ ተቀባዩም ያ ሰው ሲያይ በዓይኑ ቢመለከትም እንኳ እንደ ገና ራሱ ይመረምራል፤ መርምሮም ለሦስተኛ ቢያቀብል ሦስተኛው እንደ ገና ይመረምራል፤ ከመካከላቸውም «አላመንኸኝምን?» ብሎ የሚቀየም የለም፤ ይልቁንም ሳይመረምር የተቀበለው እንዳልተማረ ሰው ይታያል።

ይህ ለባሕላችን እንግዳ ነው እንዳንል፣ በገዛ ቤታችን ምስክር አለብን። ጠጅ አሳላፊ ለጌታው ወይም ለእንግዳው ብርሌውን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ መጠጡ መርዝ የሌለበት መሆኑን በገዛ አፉ መመስከሩ ነበር። ያንን ሥርዓት እንደ ስድብ የቈጠረ እንግዳ፣ እንደ ውርደትም የቈጠረ ጋባዥ አልነበረም፤ ጥርጣሬው ሥርዓት ሆኖ ስለ ተደነገገ እፍረቱ ከሁሉም ላይ ተነሣ። ሽማግሌው ወዳጄን የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ቅመስልኝ ነው ያሉት። በየመኖሪያ ቤቱ ይህ ጥያቄ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ሰላምታ ቢለመድ፣ አፈሙዝ በደረቱ ላይ ሲያልፍ «አዙርልኝ» ለማለት ምላሱ የሚታሰርበት እንግዳ አይኖርም ነበር።

ማሳየት ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ምክር ሲጠይቅ፣ ባል ለሚስቱ አያያዙን ሲያስተምር ይህ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ በክፍሉ ያሉትን ሁሉ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ሕፃናት ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ፤ መጠጥ የቀመሰ ሰው ካለ ነገሩ ለሌላ ቀን ይደር። ከዚያም አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ጣቱን ከምላጩ አርቆ፣ ካርታውን አስቀድሞ ይንቀል፤ ቀጥሎ ብረቱን ስቦ ከፍቶ ያቁመው፤ ጉሮሮዋን በዓይኑም በጣቱም ይመርምር፤ ጥይቶቹንም ከክፍሉ ያውጣ። የአሜሪካ አፓርታማ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ እንጨትና ስስ የጄሶ ሰሌዳ እንጂ ድንጋይ ስላልሆነ፣ ጥይት አሳልፎ ለጎረቤት ይሰጣል፤ «ወደ ግድግዳው አዙሬአለሁ» የሚለው ሰው ይህን ያስብበት። ኦስትሪያዊው ጋስቶን ግሎክ የሠራትና እ.ኤ.አ. በ1982 የሀገሩ ጦር የተቀበላት፣ ዛሬም በብዙ ሰው ወገብ የምትገኘው ሽጉጥ ደግሞ ለመፈታታት ምላጯ መሳብ አለበት፤ «ውስጧን ላሳያችሁ» ያለ ስንቱ ሰው ሳይመረምር ምላጯን ስቦ ተኩሷል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልናገር። በቨርጂኒያ የተሰወረ ሽጉጥ ፈቃድ የሚሰጠው የወረዳው ፍርድ ቤት ሲሆን፣ የሚጸናውም ለአምስት ዓመት ነው፤ ነገር ግን ፈቃዱ ሰው በሚያስፈራ ሁኔታ መዞ ማሳየትን አይጨምርም፤ ይህ ወንጀል እስከ አሥራ ሁለት ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ ያደርሳል። መጠጥ በሚሸጥበት ምግብ ቤት ተሰውራ የገባች ሽጉጥ ይዞ መጠጣትም ክልክል ነው። የቨርጂኒያው ፈቃድ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ በዋሽንግተን ከተማ አይሠራምና፣ ለእራት ወንዙን የሚሻገር ሰው ይህን ሳያውቅ ወንጀለኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሕጉ ውጭም ያለ ነገር አለ፤ ሽጉጡን ለሃያ ተጋባዥ ያሳየ ሰው የት እንደሚያኖራት ለሃያ ሰው ነግሯል፤ ከእነዚያም መካከል አፉን የማይዘጋ፣ ነገሩን የሚያስታውስ ሕፃን፣ ወይም ኀዘኑን ለማንም ያልነገረ ተስፋ የቈረጠ ሰው ይኖር እንደ ሆነ አያውቅም። ከላይ በጠቀስሁት ዓመት ከሞቱት ከእኩሌታው የሚበልጡት በገዛ እጃቸው የሞቱ ናቸው።

በኦሪት ዘዳግም፣ ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቈርጥ ወደ ዱር ሄዶ፣ ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን ስለ ገደለበት ሰው ተጽፏል፤ ይህ ሰው ከበቀል የሚሸሽበት የመማፀኛ ከተማ ተሰጥቶታል። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ሰውየው ሥራ ላይ እንደ ነበረ ነው፤ መጥረቢያውን ያነሣው እንጨት ሊቈርጥበት እንጂ ስለቱን ሊያስደንቅበት አልነበረም። በዚያው መጽሐፍ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ ያድርግ፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ተብሎ ታዝዟል። ባለቤቱ ማንንም አልገፋ፤ እንግዳውም በራሱ እግር ነው የሚወድቀው፤ ሆኖም ደሙ የቤቱ ነው። ለውዳሴ ከንቱ በግብዣ መካከል የተመዘዘች ሽጉጥ ብትባርቅ፣ ጉዳዩ ከእንጨት ቈራጩ ሕግ ይልቅ ለጣሪያው ሕግ የቀረበ ይመስለኛል።

ወዳጄን ባለፈው ዓመት ጠይቄው ነበር፤ ልጁ አድጎ ቤቱን ሁሉ እየሮጠ ያምሳል። ቡና እስኪፈላ ድረስ «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ ፎቅ አወጣኝ፤ ልቤ ደንገጥ አለ። በቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ በወለሉ ላይ በቡሎን የታሰረ፣ ቍጥር የሚከፍተው ጥቁር የብረት ሣጥን አሳየኝ፤ ስለ ውፍረቱና ስለ ዋጋው ብዙ ነገረኝ። አልከፈተውም፤ እኔም ክፈተው አላልሁትም።