በ45ኛው ቀን እናቲቱንም ጠይቋት

ለጤና ሚኒስቴር የእናቶችና የሕፃናት ጤና ኃላፊዎች፣ በየጤና ጣቢያው ለምታገለግሉ አዋላጅ ነርሶች፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት ለምትዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፦

ሕፃኑ 45 ቀን ሲሞላው እናቱ ለክትባት ይዛው ትመጣለች። ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል። ያቀፈችውን ሴት ግን «አንቺስ እንዴት ከረምሽ?» የሚላት ብዙ ጊዜ አታገኝም። የምጽፍላችሁ ስለዚህች ጥያቄ ነው።

በወለዱ ማግስት ሆድ መባስ፣ እንባ መቅደም የብዙ እናቶች ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ ግን ሕመም ሊሆን ይችላል። ልጁ ተኝቶላት እንኳ እንቅልፍ እንቢ የሚላት፣ ገንፎው ቀርቦላት የማይወርድላት፣ «ልጄን አልወደው ይሆን?» እያለች በልቧ የምትሸበር አራስ የሚረዳት ትሻለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከ100 ነፍሰ ጡሮች 16 ያህሉን፣ ከ100 ወላዶች ደግሞ 20 ያህሉን የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድብርት ያገኛቸዋል።

እኛ ዘንድ ነፍሰ ጡሯ ስትነጫነጭ «የጽንሱ ጠባይ ነው» ትባላለች። አራሷ ስታለቅስ ደግሞ «ማርያም ምራሽ ሳለ ምን ያስለቅስሻል?» እንላታለን። ክፋት የለንም። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ደግማ አትናገርም።

አራስን ብቻዋን አለመተዋችን ትልቅ ሀብታችን ነው፤ ብዙዎችን አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ቀኑን አስቡት። ወንድ ልጅ ከሆነ በ40ው ክርስትና ተነሥቷል፣ ጠያቂው ሳስቷል፣ ልታርሳት የመጣች እናቷም ጓዟን ሸክፋ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ለክትባት የምትመጣላችሁ ልክ ብቻዋን በቀረችበት ሰሞን ነው።

መጠየቂያው አልጠፋም። በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመው 10 ጥያቄ ያለው የኤድንብራ የድብርት መለኪያ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ በመጡ እናቶች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሐኪም አነሰ የሚለውም ሰበብ አይሆነንም። ፓኪስታን፣ ራዋልፒንዲ ገጠር፣ እንደኛዎቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ ሴቶች ሠልጥነው በድብርት የተያዙ ነፍሰ ጡሮችን እስከ ወሊድ ማግስት እየተመላለሱ አነጋገሩ። ልጆቹ ስድስት ወር ሲሆናቸው ድብርቱ ያልለቀቃቸው ከ100 እናቶች 23 ነበሩ፤ ይህን እገዛ ካላገኙት ግን 53።

የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣ ጥያቄውን በእርግዝና ክትትሉና በ45 ቀኑ ክትባት መዝገብ ላይ አስገቡልን፤ የምትጠይቀዋን ባለሙያ አሠልጥኑ፣ የታመመችውን ወዴት እንደምትልክም አሳውቋት። እናንተ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን መዝገቡን አትጠብቁ። ፈቀቅ አድርጋችሁ፣ ባልም አማትም በማይሰሙበት ጠይቋት። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ እንደመጣባት ከነገረቻችሁ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እሰማለሁ ካለቻችሁ፣ ለነገ ቀጠሮ ሰጥታችሁ አትሸኟት፤ ያኑ ዕለት ከሚያጅባት ሰው ጋር ወደ ሆስፒታል ላኳት።