«ፍላጎት» የሚለው ቃል በኬር ሆም ደጃፍ

ለንደን የሚኖሩ አንዲት የ79 ዓመት እናት ይታሰቡ። ለብዙ ዓመታት በጽዳት ሥራ አገልግለዋል፤ እንግሊዝኛን ለአውቶቡስና ለሐኪም ቤት የሚበቃ ያህል ለምደዋል። የመርሳት በሽታ ሲጠናባቸው ግን ቀድሞ ጥሏቸው የሄደው ኋላ የተማሩት ቋንቋ ሆነ። አንድ ቀን ወድቀው ሆስፒታል ይገባሉ። ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሊመለሱ እንደማይችሉ ይነገራል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ካውንስሉ ክፍት አልጋ ያለው ኬር ሆም ያገኛል። ቦታው ከልጆቻቸው መኖሪያ ሁለት ባቡር ያስለውጣል፤ አማርኛ የሚሰማም አንድ ሰው የለበትም። ልጆቹ ቀረብ ያለና የአበሻ ሠራተኞች ያሉበትን ሌላ ቤት ሲጠቁሙ መልሱ አጭር ነው፦ «ይቻላል፤ ልዩነቱን ግን እናንተ ትከፍላላችሁ።»

ልዩነቱ «ቶፕ አፕ» ይባላል። በእንግሊዝ የእናቶችና የአባቶች ማረፊያ በሚመረጥበት ጊዜ በካውንስልና በቤተሰብ መካከል የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በዚሁ ክፍያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ኬር አክት» እና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የማረፊያ ምርጫ ደንብ ግን ከዚያ አጭር መልስ የተለየ ነገር ይላሉ። አረጋዊው የመረጡት ቤት ለተመዘነው ችግራቸው የሚስማማ፣ ቦታ ያለው፣ ባለቤቱም የካውንስሉን ውል የሚቀበል ከሆነና ዋጋው ከተመደበላቸው የግል በጀት ካላለፈ፣ ካውንስሉ በዚያው ቤት የማስገባት ግዴታ አለበት፤ ቤቱ በሌላ ካውንስል ክልል ቢገኝም እንኳ። በጀቱም በዘፈቀደ የሚቆረጥ አይደለም። በመንግሥት መመሪያ መሠረት በተመደበው ገንዘብ ቢያንስ አንድ ተስማሚ ቤት መገኘት አለበት። ካልተገኘ ካውንስሉ በጀቱን ከፍ ያደርጋል እንጂ ወደ ቤተሰቡ ኪስ አይመለከትም። ቶፕ አፕ ሕጋዊ የሚሆነው ተስማሚ ቤት በእርግጥ ቀርቦ ሳለ ቤተሰቡ በገዛ ፈቃዱ ውድ የሆነውን ሲመርጥ ብቻ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚረታው «ተስማሚ» በሚለው ላይ ነው። የእንግሊዝ ሕግ «ኒድ» እና «ፕሪፈረንስ» ብሎ የሚለያያቸውን ሁለት ነገሮች አማርኛ በአንድ ስም፣ «ፍላጎት» ብሎ ይጠራቸዋል። ሰው ያለ እርሱ መኖር የማይችለው ነገር ፍላጎት ነው፤ ቢያገኘው ደስ የሚለውም ፍላጎት ነው። በምዘናው ዕለት ልጅ «የእናቴ ፍላጎት አማርኛ የሚናገር ሰው ነው» ቢል፣ አስተርጓሚውም «ትመርጣለች» ብሎ ቢያስተላልፈው፣ በቋንቋው ረገድ ብዙም አልተሳሳተም። በካውንስሉ መዝገብ ላይ ግን ወጪው ከመንግሥት ወደ ቤተሰቡ ተሻግሯል። የግድ ተብሎ የተጻፈውን ካውንስሉ ይሸፍናል፤ ምርጫ ተብሎ የተጻፈውን ልጅ ይከፍላል።

ለእኒህ እናት ቋንቋ ቅንጦት ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። ውኃ እንደጠማቸው፣ ወገባቸውን እንደሚያማቸው፣ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ እንዳለባቸው መናገር ያልቻሉ ሰው «አስቸጋሪ» የሚል ስም ይወጣላቸዋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ወተትም ሥጋም ገፍተው ቢመልሱ «ምግብ እምቢ ብለዋል» ተብሎ ይመዘገባል። የብቁነት ደንቡ የሚመዝናቸው ነጥቦች ደግሞ ተገቢ ምግብ ማግኘትንና ከቤተሰብም ሆነ ከሌላ ሰው ጋር ግንኙነት ጠብቆ መቆየትን በግልጽ ይጨምራሉ። ስለዚህ ቋንቋውም ጾሙም በምዘናው ወረቀት ውስጥ ቦታ አላቸው። ቦታቸውን የሚያጡት ማንም ስለማይጽፋቸው ነው።

ለዚህ ጥፋቱ የካውንስሎች ብቻ አይደለም። ሶሻል ወርከሩ «ማን ይረዳቸዋል?» ብሎ ሲጠይቅ ይሉኝታ የያዛት ልጅ «እኛ አለን» ትላለች፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ እንደምትነሣ፣ ከሥራዋ ሰዓት እንደቀነሰች አትናገርም። ወንድሟ በበኩሉ እናትን ለኬር ሆም መስጠት ነውር ነው ብሎ ከስብሰባው ይቀራል፤ በኋላ ግን ቶፕ አፑን እንዲፈርም የሚጠራው እርሱ ነው። ፊርማው የአንድ ጊዜ መዋጮ አይደለም። ክፍያው በየሳምንቱ የሚቆጠር ነው፤ የቤቱ ዋጋ ሲጨምር ሊጨምር ይችላል፤ ሲቋረጥም እናት እንደገና ወደ ሌላ ቤት ሊዛወሩ ይችላሉ። እናት ራሳቸው ከቀራቸው ገንዘብ ልክፈል ቢሉ ደንቡ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቅድም።

የሀብት ምዘናውም የራሱ ወጥመድ አለው። ከ23,250 ፓውንድ በላይ ጥሪት ያለው ሰው ሙሉውን ወጪ ራሱ ይከፍላል። ይህ ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ አልተነሣም፤ አንድ ሰው በዕድሜው የሚከፍለውን በ86,000 ፓውንድ ይገድብ የነበረው ዕቅድም በ2024 ተሰርዟል። በእናት ስም አዲስ አበባ የተሠራ ቤት እንደ ጥሪት ይቆጠራል። ገንዘቡን ወደ እንግሊዝ ማዛወር የተከለከለ ከሆነ ግን ቤቱ የሚገመተው እንግሊዝ ውስጥ ያለ ገዢ ሊሰጥበት በሚችለው ዋጋ ነው። ይህ ግምቱን እጅግ ሊያወርደው ስለሚችል በምዘናው ጊዜ መነሣት አለበት። በችኮላ ስም ማዞር ግን ንብረትን ሆን ብሎ እንደማሸሽ ሊቆጠር ይችላል።

ካውንስሎች የገንዘብ እጥረት እንዳለባቸው የታወቀ ነው። የሚጠየቁት ግን ሕጉ አስቀድሞ የጣለባቸውን ነው። ምዘናው በሠለጠነ አስተርጓሚ ይካሄድ፤ ልጅ አስተርጓሚም የጉዳዩ ባለቤትም መሆን የለባትም። ቋንቋና የአመጋገብ ሥርዓት በግዴታዎች ዝርዝር ውስጥ ይስፈሩ። ቶፕ አፕ የሚለው ቃል ከመነሣቱ በፊት በበጀቱ ውስጥ ያለው ቤት በስምና በዋጋ ተጠቅሶ በጽሑፍ ይቅረብ። የሐበሻ ኬር ሆም ይሠራ ማለት አይደለም፤ በተረኞች መካከል አንድ አማርኛ ተናጋሪ እንዲኖር፣ ካልተቻለም በስልክ የሚገኝ አስተርጓሚ በእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ እንዲጻፍ ነው።

የማኅበረሰብ ማኅበራትም ከለቅሶና ከበዓል ባሻገር የሚሠሩት አለ። ምዘናውን መከታተል ለሚቸግራቸውና የሚያግዛቸው ተስማሚ ሰው ለሌላቸው አረጋዊ ካውንስሉ ነጻ ተሟጋች የመመደብ ግዴታ አለበት፤ ይህን የሚጠይቅላቸው ሰው ግን ያስፈልጋል። ማኅበራቱ በምዘናው ዕለት አብሮ የሚቀመጥ፣ «ፍላጎት» የሚለውን ቃል ትቶ «ያለዚህ አይሆንም» ማለትን የሚያስለምድ ሰው ሊያዘጋጁ ይችላሉ።

አስቀድመው የፈረሙ ቤተሰቦችም መንገድ አላቸው። በበጀቱ የሚገኝ ተስማሚ ቤት ሳይቀርብላቸው ቶፕ አፕ የተጫነባቸው ሰዎች በመጀመሪያ ለካውንስሉ በጽሑፍ አቤት ይላሉ፤ ካልረኩ ጉዳዩን የአካባቢ መስተዳድርና የማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ያለ ክፍያ ይመለከተዋል። እንባ ጠባቂው በመደበኛው ሥርዓት የሚቀበለው ችግሩ ከታወቀ በ12 ወራት ውስጥ የደረሰውን አቤቱታ ስለሆነ፣ የምዘናው ቅጂ፣ የግል በጀቱ ደብዳቤና የቶፕ አፑ ውል ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ላይ መቀመጥ ይኖርባቸዋል።